የሰፊዋ ሰልፍ

ልብስ ሰፊዋ ከሌላ አገር መጥታ በዚያች ጠባብ ሱቅ የስፌት መኪናዋን ከተከለች ወዲህ ልጇ ተወልዶ ትምህርት ቤት ገብቷል። ትምህርት ሊከፈት ሰሞን የሰፈሩ እናት አባት ሁሉ የልጆቹን ዩኒፎርም ተሸክሞ ደጇ ላይ ይሰለፋል። ጣጣውን ያመጣው ይኸው ሰልፍ ነው።

ለምርጫ የሚወዳደር አንድ ሰውዬ በዚያ ሲያልፍ ሰልፉን በስልኩ ቀረጸና፣ የሚያስፈራ ሙዚቃ ጨምሮበት ፌስቡክ ላይ ለቀቀው። «መጤዎች ወረሩን! ነገ ተራው የእናንተ ሰፈር ነው» ይላል። ዓይኑን በጨው የታጠበ! ከተሰለፉት ውስጥ አንድም መጤ የለም፤ መጤዋ ውስጥ ቁጭ ብላ የእነሱን ልጆች ሱሪ ታሳጥራለች። ግን ማን ይጠይቃል? ቪዲዮው ከስልክ ስልክ ሲዞር ዋለ፤ ከሥሩ የተጻፈው ስድብ ተነቦ አያልቅም።

አመሻሹ ላይ አከራይዋ ደወለላት።

«እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ድንጋይ ቢወረውሩ የሚሰበረው የኔ መስታወት ነው። ነገ ጠዋት ቤቱን ልቀቂልኝ።»

ቅስሟ ተሰበረ። ያለዚያች ሱቅ ልጇን የምታሳድግበት ሌላ መላ የላትም።

በማግስቱ መኪናዋን ልትነቅል ስትመጣ ደጁ ከወትሮው በባሰ ሰው ተሞልቷል። ክው አለች፤ ሊደበድቧት የመጡ መሰላት። ከፊት የቆሙት ግን ጡረታ የወጡት አስተማሪ ናቸው፤ ቪዲዮው ላይ የልጅ ልጃቸውን ሱሪ ታቅፈው የሚታዩት።

«ተወልጄ ባረጀሁበት ሰፈር ወራሪ ልባል? በይ ክፈቺ ልጄ፣ ወራሪዎቹ መጥተናል!» አሏት። ሰዉ ሳቀ።

አከራዩ ቤቱን ሊረከብ ጥግ ይዞ ቆሟል። አስተማሪዋ አዩት፤ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው።

«አንተ፣ ወይ ተሰለፍ ወይ መንገድ ልቀቅ!»

ዞር ብሎ ቢያይ ግማሹ ጎረቤቱ፣ ግማሹ ዘመዱ ነው። አንገቱን ደፋ። «ትናንት ደንግጬ ነው እህቴ፤ ሥራሽን ሥሪ» ብሎ ከሰልፉ ጭራ ሄዶ ቆመ።

ተወዳዳሪው ቪዲዮውን አላነሳውም፤ ይቅርታ ብሎ ነገርማ ከየት ያውቃል! ሰፊዋ ግን ረስታዋለች። መኪናዋ ፊት ቁጭ ብላ ሰዉን መቀበል ጀመረች። የልጆቹ ዩኒፎርም ትናንት አልቋል፤ ዛሬ ሁሉም ያመጣው ቁልፉ የወለቀ ሸሚዝ ነው። የመጀመሪያውን ስታገላብጥ ክሩ አልተበጠሰም፣ በመቀስ ተቆርጧል። የሚቀጥለውም እንደዚያው፤ ከዚያ የሚቀጥለውም። እንባዋ ጨርቁን እንዳያርስባቸው ፊቷን ዞር እያደረገች፣ ደጇ ለመቆም ብለው ከደህና ሸሚዛቸው ላይ የቆረጡትን ቁልፍ ሁሉ ተመስገን እያለች መልሳ ሰፋች።