ከጋሪው ላይ የመለስኩት መልስ

«አትናገርም አልኩህ! መልስ የሚሰጠው ሽማግሌ ነው።»

«በዘራችሁ በሽታ አለ ወይ ብለው እኮ ነው የሚጠይቁህ፣ ጋሼ።»

«የለም እላለሁ። አለቀ።»

አጎቴ ላምቤቦ፣ የእናቴ ወንድም፣ ሆሳዕና በተከራየኋት ክፍል አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አባቴ ከሞተ ወዲህ ለእኔ የሚቆመው እሱ ነው፤ እሁድ ሺንሺቾ ሄዶ አስቴርን ከአባቷ የሚጠይቅልኝም እሱ። ለአስቴር ነግሬያታለሁ፦ ሄሞፊሊያ እንደሚባል፣ ከቆሰልኩ ደሜ ቶሎ እንደማይረጋ፣ አብሮኝ እንደተወለደ። «ለእሷ ነገርክ እንጂ ለአባቷ መቼ ነገርክ?» ይላል አጎቴ። ገና ያልተዳሩ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት። በሽታው ወደ እሱ ልጆች እንደማይተላለፍ ሐኪም ነግሮናል፤ ወሬ ግን ሐኪም አያማክርም።

ይህንን «የለም» ከአፉ ስሰማው የመጀመሪያዬ አይደለም።

አሁን ሠላሳ ልደፍን ነው፤ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መስከረም ነው። የምንኖርበት የሌሞ ገጠር መንገድ ከላይ ደርቆ ከሥር ገና ያዳልጣል። ለመስቀል በዓል ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራው አተካና ትኩስ ትኩሱ ፊቴ ቀርቦ፣ የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ አላስቀምስ አለኝ። አጎቴ ከተማ ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ ይዞኝ ሄደ። ካርድ የምታወጣው ልጅ የሰፈራችን ሰው ነበረችና በሩ ላይ ክንዴን ጨምቆ «ጤነኛ ነኝ በል» አለኝ።

የጥርስ ሐኪሟ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ነበረች። «የምትወስደው መድኃኒት፣ የታወቀ በሽታ አለ? ስትቆስል ደምህ ቶሎ ይቆማል?» ስትለኝ፣ አፌን ሳልከፍት አጎቴ «ምንም የለበትም፣ ጤነኛ ነው» አላት። እኔም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የእሱ ቃል ሳይሆን የእኔ ራስ መነቅነቅ ነው።

ጥርሱ ተነቀለ። ጥጥ ነክሼ ቤት ገባሁ። ጥጡ ራሰ፤ ሌላ ነከስኩ፤ እሱም ራሰ። ለሕመሙ ከሱቅ አስፕሪን ገዝተው ሰጡኝ፤ በማግሥቱ ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት ሞሉበት። ያኔ ማንም ሳያስተምረኝ በየደብተሩ ጀርባ ግጥም እሞነጭር ነበር፤ ስለ ደምም ብዙ ብያለሁ። ለካስ ደም እንደ ዛገ ብረት የሚጎመዝዝ አሰልቺ ነገር ነው። ትውጠዋለህ፣ ያቅለሸልሽሃል፣ ትተፋዋለህ፣ ተመልሶ ይሞላል። ከጻፍኩት ውስጥ እውነት የሆነ አንድ መስመር አጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ስቆም ዓይኔ ይጨልም ጀመር።

«ዛሬ ገበያ ነው፤ መንገዱ ሰው ብቻ ነው። ነገ ጠዋት እንወስደዋለን» አለ አጎቴ።

ያኔ ተነሳሁ። ግድግዳውን ተደግፌ ወጣሁና የሚያልፍ የፈረስ ጋሪ አስቆምኩ። አጎቴ እየተቆጣ ከጎኔ ዘሎ ተቀመጠ፤ ጋቢውን ፊቴ ላይ ጣለብኝ። ገፈፍኩት። በዚያ መንገድ ደግሞ ታማሚ ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ ቆጮ ያዘለችውም፣ በግ የሚጎትተውም ቆሞ ይጠይቃል።

«ምነው፣ ምን ሆኖ ነው?»

«ወድቆ ነው» ይላል አጎቴ።

«አልወደቅኩም!» እላለሁ የነከስኩትን ጨርቅ ከአፌ አውጥቼ። «ደሜ አይረጋም! ስወለድም እንዲህ ነኝ!»

«በለው እንጂ!» አለ ባለ ጋሪው። «ብቻ ወደ ውጭ ትፋ ወንድሜ፣ ጋሪዋን ትናንት ነው ያጠብኳት።»

እስከ ከተማው መግቢያ ለጠየቀ ሁሉ መለስኩ። ድምፄ እየቀጠነ ሄደ እንጂ አላቆምኩም።

ክሊኒኩ ስንደርስ ሐኪሟ አፌን አይታ፣ ጥያቄዋን ደግማ፣ እውነቱን ከእኔ ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። «ባውቅ ኖሮ ጥርሱን ከመንቀሌ በፊት ሆስፒታል ደውዬ ደም የሚያረጋውን መድኃኒት አስወስድህ ነበር። ቁስሉንም እሰፋው ነበር። አስፕሪን የሚባል እንዳትነካ እልህ ነበር፤ መድማቱን ያብስብሃል።» ወደ አጎቴ ዞረች። «አባቴ፣ የጠየቅኩት እሱን ነበር።» ቀጥላም ራሷን እየወቀሰች፦ «እርስዎን ውጭ ይጠብቁ ማለት ነበረብኝ።»

ጨርቅ አጥብቃ አስነክሳኝ፣ አምቡላንስ ጠርታ ወደ ሆስፒታል ላከችኝ። መድኃኒቱን በደም ሥሬ ሰጡኝና ደሙ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የትኛውም የጥርስ ወንበር ላይ ሳልቀመጥ መጀመሪያ የምናገረው ስለ ደሜ ነው፤ ማን አብሮኝ እንደገባም አላይም።

አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም። በዚያ ሆስፒታል ኮሪደር ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ይዞ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። ግን ሊሸፍነኝ ብሎ ሊቀብረኝ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ዛሬም የያዘው ያንኑ ነው።

«እሁድ እኔ ራሴ ሄጄ ለአባቷ እነግራቸዋለሁ» አልኩት።

«አንተ? ሙሽራ በገዛ አፉ ነውሩን ሲቆጥር የት አየህ?»

«ነውር አይደለም። ካልፈለጉ ይከልክሉኝ፣ ጋሼ። ግን አውቀው ይከልክሉኝ።»

«እንግዲያውስ ሌላ ሽማግሌ ፈልግ!»

ተነሳ። የበሩ ደፍ ላይ ትንሽ ዘገየ፤ ቆይ እንድለው የጠበቀ መሰለኝ። አላልኩትም። ወጣ፤ የቆርቆሮው በር ጓ ብሎ ተዘጋ።