ሞተራችን የተሰበረበት ሩብ ማይል

እ.ኤ.አ. በ2020 ጥቅምት መጀመሪያ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ፓራዳይዝ ሰፈር ካለው አፓርታማዬ ተነስቼ ከላስ ቬጋስ በስተሰሜን በረሃው ውስጥ ወዳለው የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ ሄድኩ። መንገዱ ሩቅ አይደለም። ጠዋት ወጥቼ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመልሻለሁ። ቢሆንም ከአገር አገር ስዞር እንኳ እንዲህ የከበደኝ ጉዞ የለም።

የወጣሁት ጋሽ አሰፋ የሠሩት ሞተር ሲሮጥ እንዲያዩ ብዬ ነው። ጋሽ አሰፋ ሰባ ዓመት ሞልቷቸዋል። አዳማ ሳሉ የጭነት መኪና መካኒክ ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሆቴል አሳንሰር ሲጠግኑ ኖረዋል። እኔ የሆቴል ሻትል አውቶቡስ እነዳ ነበር፤ በመጋቢት በኮሮና ምክንያት ሆቴሎቹ ሲዘጉ ከሥራ ቀነሱኝ። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሺፍቴን ስጨርስ እሳቸው ጋራዥ እየሄድኩ አንድ አሮጌ ባለሁለት በር መኪና አብረን ስንሠራ ቆይተናል። የምነዳት እኔ ነኝ። ሞተሩ ግን ከመጀመሪያው ብሎን እስከ መጨረሻው የእሳቸው የእጅ ሥራ ነው።

በሐምሌ በሽታው ያዛቸውና አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኙ። የወጡ ዕለት ደወሉልኝ። «ደረጀ፣ አንድ ጊዜ ስትሮጥ ልያት» አሉኝ። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ጠዋት፣ ሲልቬራዶ ራንች

በሜሪላንድ ፓርክዌይ ጎዳና ወደ ደቡብ፣ ወደ ጋሽ አሰፋ ሰፈር ስወርድ ከግማሽ በላይ ሱቆች ዝግ ነበሩ። የካሊፎርኒያ ሰደድ እሳት ጭስ ከተማው ላይ ከተኛ ቀናት አልፈዋል። ፀሐይዋ ቀይ ሆና ወጥታ ዓይኔን ሳልጨፍን አየኋት። ማስክ አድርጌም የተቃጠለ እንጨት ይሸተኝ ነበር፤ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል።

ጋሽ አሰፋ ሰማያዊ ቱታቸውን ለብሰው በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ጭሱ ዛሬ ባሰበት አይደል ጋሼ?» አልኳቸው።

«የምን ጭስ?» አሉና ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። «እ... አዎ፣ አዎ። ጉም መስሎኝ ነው እኮ።»

ወደ ሥራችን ገባን። ጋሽ አሰፋ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነገር አለ። የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዘው፣ ዘይቱን በሁለት ጣታቸው አሽተው፣ ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉታል። በጠረን ብቻ የተቃጠለውን፣ ውሃ የገባበትን፣ ያረጀውን ይለዩታል። የዚያን ቀንም ማስካቸውን ዝቅ አድርገው አሸተቱና «ጤነኛ ናት» አሉ።

ዘንጉን ስቀበላቸው ዘይቱ ከመስመሩ በላይ ወጥቷል።

«በዝቷል እኮ ጋሼ።»

«ትናንት ጨምሬ ይሆናላ» አሉ። መኪናዋን በእኔ መኪና በሚሳበው ተጎታች ላይ ጭነን ወጣን።

በስትሪፑ ላይ

በሌላ ጊዜ ተጎታች የሚስብ ሰው በስትሪፑ፣ በትልልቆቹ የቁማር ሆቴሎች ጎዳና፣ አያልፍም፤ የመኪናው ብዛት አያሳልፍም። የዚያን ቀን ግን መንገዱ ባዶ ስለነበር በመሐል ከተማው ቀጥ ብዬ ነዳሁ። አንዳንዶቹ ሆቴሎች በሥራ ቀን ዝግ ናቸው፤ መግቢያቸው በሲሚንቶ ግንብ ተዘግቷል። ትልልቆቹ ስክሪኖች ግን አልጠፉም። በመጋቢት ሊቀርብ የነበረ ትርኢት ማስታወቂያ በጥቅምትም ይዞራል። ቀይ መብራት ይዞን ስንቆም በእግረኛ ድልድዩ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ማንም ሳይወጣበት ይወጣል፣ ማንም ሳይወርድበት ይወርዳል። መብራቱ ረዘመብኝ። የሚያቋርጥ ሰው የለም፤ የሚያየኝም የለም፤ ግን ጥሼ ለማለፍ ፈራሁ።

ጋሽ አሰፋ ወደ አንዱ የተዘጋ ሆቴል ቀና ብለው ሲያዩ ቆዩ። «ስድስት አሳንሰር አለው» አሉ። «ሰው ሳይጭን የከረመ አሳንሰር ይታመማል። ስታስነሳው ደህና ይመስልሃል፤ ከዚያ መሐል ላይ ይይዝሃል።» መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

በረሃው ሜዳ

ከከተማው ወጥተን ወደ ሰሜን ስንሄድ ተራሮቹ ከጭሱ ጀርባ ጠፍተው ነበር። በሜዳው በር ላይ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች ጠና ያለች አሜሪካዊት ግንባራችንን በቴርሞሜትር ለካችን። ለእሽቅድምድም የሚሆነውን ቤንዚን ጋሎኑን በአሥራ ሁለት ዶላር እዚያው ገዛን። የመጡት መኪኖች ስምንት ብቻ ናቸው፤ ተመልካች ተከልክሏል። በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚይዘው መቀመጫ ባዶውን ተደርድሯል። ድምፅ ማጉያው ግን ሥራውን አልተወም፤ «ስለመጣችሁ እናመሰግናለን፣ ልጆቻችሁን ከአጥሩ አርቁ» እያለ ለባዶው ወንበር ይናገራል።

ጨዋታው ቀላል ነው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ሩብ ማይል ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ይፈተለካሉ። የሚያልቀው በሰከንዶች ነው።

የመጀመሪያው ዙር አማረ። ስመለስ ጋሽ አሰፋ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው ነበር፤ ዓይናቸው ረጥቧል። «ሰማሃት? ድምፅዋን ሰማሃት?» አሉ። ኮፈኑን ከፍተው እንደ ልማዳቸው ዘይቱን አሸተቱ። «ጤነኛ ናት። ድገማት።»

በሁለተኛው ዙር ብቻዬን ነበርኩ፤ ከጎኔ ያለው መስመር ባዶ ነው። መብራቱን ስጠብቅ የዘይት ግፊት የምታሳየው መርፌ ከወትሮው ዝቅ ብላ አየኋት። አየኋት፤ ይህን አልክድም። «ዝቅ ብላለች» ብዬ አሰብኩ። መነሻው ላይ ላሉት ሠራተኞች በእጄ ምልክት ሰጥቼ መውጣት እችል ነበር። ከኋላዬ ግን የጋሽ አሰፋ ፊት በመስታወቱ ይታየኛል። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ረገጥኩት።

ግማሹን እንዳለፍኩ ከእግሬ ሥር በትልቅ መዶሻ የተመታ ያህል አንዴ ብቻ ጮኸ። ከዚያ ዝም አለ። ያን ሁሉ ጩኸት ይዛ የነበረችው መኪና ያለ ሞተር ድምፅ በዚያ ፍጥነት ትንሸራተታለች። ጥቁር ዘይት የፊት መስታወቱን ሸፈነው። የሚታየኝ ነገር የለም፤ የምሰማው ጎማው አስፋልቱን ሲፍቅ ብቻ ነው። የኋላ ጎማዎቹ የራሷን ዘይት ረግጠው ሾሩ። ግንቡ በየት በኩል እንዳለ ጠፋኝ። መሪውን ይዤ የልጆቼን ስም ጠራሁ። አንዴ ዞርን፣ ሁለቴ ዞርን፣ ቆምን። ፊታችን ወደመጣንበት ዞሯል።

ከኮፈኑ ሥር እሳት ተነሳ። ቀበቶዬን ለመፍታት ስታገል እጄ በላብ አሟለጨኝ። ሦስት ጊዜ ሞክሬ በአራተኛው ተፈታ። ወጥቼ ሮጥኩና አስፋልቱ ላይ ተቀመጥኩ። ድምፅ ማጉያው አሁንም ባዶውን ወንበር ያመሰግናል።

ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰችው ሴት ከሁለት ሰዎች ጋር በመኪና ደርሳ እሳቱን በነጭ ዱቄት አጠፋችው። ኮፈኑን ስትከፍተው የሞተሩ ጎን ተበስቷል፤ ፒስተኑን የሚይዘው ብረት፣ መካኒኮቻችን ቢዬላ የሚሉት፣ ተሰብሮ ብረቱን ሰንጥቆ ወጥቷል። ሴትየዋ መለኪያዋን ዘንግ መዘዘችና ማስኳን ዝቅ አድርጋ አሸተተች። ፊቷን አዞረች።

«ይሄ ዘይት አይደለም» አለችኝ። «ቤንዚን ነው። የቤንዚን ፓምፓችሁ የውስጥ ላስቲኩ ተቀዶ ስንት ቀን ወደ ዘይቱ ሲያፈስ ከርሟል። ዘይቱ ቀጥኖ ብረት ከብረት ሲፋተግ ነበር። ጠዋት አላሸተታችሁትም?»

ጠዋት የእንጨቱ ጭስ ሌላውን ሽታ ሁሉ ውጦብኝ ነበር፤ አሁን ማስኬን አውርጄ እኔም አሸተትኩት። ከክንድ ርቀት ጀምሮ ያፍናል፤ ዓይኔን አስለቀሰኝ።

ጋሽ አሰፋ ከመነሻው በእግራቸው መጡ። በነጩ ዱቄትና በጥቁሩ ጭስ መሐል አልፈው፣ ሳይስሉ፣ አፍንጫቸውን ሳይሸፍኑ፣ ሞተሩ አጠገብ ቆሙ። እኛ ሁላችን ወደ ኋላ ሸሽተናል። እሳቸው ዘንጉን ከሴትየዋ እጅ ተቀብለው አሸተቱ። ደገሙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በቀስታ፣

«ይሸታል እንዴ?» አሉኝ።

እሳቱ እንኳ እንዲህ አላስደነገጠኝም።

የመልስ ጉዞ

የተቃጠለችውን መኪና ተጎታቹ ላይ ጭነን ተመለስን። ሜሪላንድ ፓርክዌይ ላይ ስደርስ አንድ የተዘጋ ምግብ ቤት ፊት ፓርክ አደረግሁ።

«ከሐምሌ ወዲህ ምንም አይሸተኝም» አሉ ጋሽ አሰፋ፣ ወደ ፊት ለፊታቸው እያዩ። «ቡናም፣ ሳሙናም፣ ምንም። የምበላውም ወረቀት ወረቀት ይለኛል። ለማንም አልተናገርኩም።»

«ለእኔስ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ትነዳት ነበር?» አሉና፣ «አፍንጫዬ ከሄደ ምኑን መካኒክ ሆንኩት? ይመለሳል እያልኩ በየቀኑ አሸታለሁ። ጤነኛ ናት ያልኩህ እኮ ስለማውቅ አይደለም። እንድትሆን ስለፈለግኩ ነው። ልገድልህ ነበር፣ ልጄ።»

ያኔ ስለ መርፌዋ ነገርኳቸው። ዝቅ ብላ እያየኋት እንደረገጥኩ፣ የፊታቸውን ደስታ ላለማጥፋት ብዬ እንደሆነ። በእጃቸው ትከሻዬን ያዙ፤ ረጅም ሰዓት አለቀቁኝም።

ከሰዓት በኋላ፣ ቤት

ሲልቬራዶ ራንች ስንደርስ ባለቤታቸው እትዬ የሺ በሩን ከፈቱ። ተጎታቹ ላይ ያለችውን የተቃጠለች መኪና አዩ፤ ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች ቃኙኝ። ጋሽ አሰፋ ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ በር ላይ እንደቆሙ ሁሉንም ነገሯቸው። አንድም ነገር አላስቀሩም።

እትዬ የሺ አልደነገጡም። «አውቃለሁ» አሉ። «ሦስት ሳምንት ሆነኝ ወጡ ውስጥ ጨው መጨመር ከተውኩ። አንድ ቀን እንኳ ምነው አላልከኝም፤ እጅሽ ይባረክ እያልክ ነው የበላኸው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ እስክትነግረኝ ስጠብቅ።» አሉ። «ሁለት ጊዜ የምድጃውን ጋዝ ከፍተህ ሳትለኩሰው ወጥተሃል፣ አሰፋ። ቤቱ ሞልቶት አንተ ሳሎን ቁጭ ብለህ ቴሌቪዥን ታያለህ። ከዚያ ወዲህ ለአንድ አፍታ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ዛሬ ስትወጡ ብቻ እፎይ አልኩ፤ ከደረጀ ጋር ነው፣ ምንም አይሆንም ብዬ።»

ሦስታችንም የምናውቀውን ይዘን፣ አንዳችን ለአንዳችን ስንሳሳ ዝም ብለናል። እሳት ውስጥ ያስገባኝ ያ ስስታችን ነው። ከዚህ ጉዞ ይዤ የተመለስኩት ይህን ነው፤ ሰውን አከብራለሁ ብዬ ያየሁትን አልደብቅም።

በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው፤ የማሽተት ስሜትዎ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል ተባሉ። ሞተሩን እንደገና እየሠራን ነው። አሁን ዘይቱን የማሸተው እኔ ነኝ፤ እሳቸው አጠገቤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። «ምን ምን ይላል? እንደ ጎማ? እንደ ሳንቲም? እንደ ክብሪት?» ይሉኛል። የሸተተኝን በቃል እነግራቸዋለሁ። ካልገባኝም አልገባኝም እላለሁ።