የዊኒ ሃስላም ሁለት መብራት

ዊኒ ሃስላም ቂም የምትይዘው እንደ ሌላው ሰው አልነበረም። ሌላው ሰው ሲናደድ ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ ከዚያ ይወጣለታል። እሷ ዝም ትላለች። ሠላሳ ዓመት በቴአትር ቤት የመብራት ሠራተኛ ሆና የተማረችው ነገር ቢኖር፣ ሰዓቱ እስኪደርስ ድረስ እጅን ማብሪያው ላይ አሳርፎ መጠበቅን ነው።

ቂሟ ከሲሪል ብራድሾው ጋር ነበር። ሲሪል ምንጣፍ ነጋዴ ነው፤ ሁልጊዜ ከረባት አይለየውም። በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ፣ በአንድ የተዘጋ የጥጥ ፋብሪካ ፎቅ ላይ የነበረው የሞዴል ባቡር ክበብም ሊቀ መንበር ነበር። የክበቡ አባላት አሥራ ሁለት ሜትር በሚረዝም ጠረጴዛ ላይ የገዛ ሸለቋቸውን አሳንሰው ሠርተውታል፤ ጣቢያው፣ ድልድዩ፣ በጥቀርሻ የጠቆሩት ጭስ ማውጫዎች፣ በመካከላቸው የሚሽከረከሩት ከስንዝር የማይበልጡ ባቡሮች። ሃዲዱን የዘረጋው ሲሪል ነው። ቀለሙን ግን ከመጀመሪያዋ ጡብ እስከ መጨረሻው ደመና ድረስ የቀባችው ዊኒ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶባታል። ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍራ ኮረብታው ላይ ትወጣና፣ ዝናብ የመታው ድንጋይ ምን ዓይነት ግራጫ እንደሚሆን ካርቶን ላይ እየሞከረች ትመለስ ነበር።

ታዲያ አንድ የሞዴል ባቡር መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1985 የጸደይ እትሙ ስለ ሥራው አራት ገጽ ሙሉ ከነፎቶግራፉ አወጣ። «ሃዲዱም፣ ቀለሙም፣ ሰማዩም የሲሪል ብራድሾው የእጅ ሥራ» ይላል። ዊኒ ስሟን ፍለጋ ከላይ እስከ ታች አነበበች። የመጨረሻው መስመር ላይ አገኘችው። «ሻይ በማፍላት ለተባበሩን ወይዘሮ ሃስላም ምስጋናችን ይድረሳቸው።»

መጽሔቱን ይዛ ሲሪል ፊት ቆመች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«አይ ዊኒዬ፣ የመጽሔቱ ሰዎች ናቸው ያምታቱት» አላት። «ደግሞ በኛ መሃል ማን ሠራ፣ ማን አልሠራ ይባላል እንዴ? የክበቡ ነው።»

«የክበቡ ከሆነ ያንተ ስም ምን ይሠራል?»

«ሊቀ መንበር ነኛ!» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹ አባላትም ተከትለውት ሳቁ። ከጽሑፉ ይልቅ ያንገበገባት የነሱ ሳቅ ነው። ያልሳቀው ኤርኒ ብቻ ነበር፤ አርባ ዓመት እውነተኛ ባቡር ነድቶ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ።

ዊኒ ገጹን በመቀስ ቆርጣ የቁም ሳጥኗ በር ውስጠኛው ገጽ ላይ ለጠፈችው። ጠዋት ጠዋት ካልሲዋን ስታወጣ ታነበዋለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ እንዲሉ፣ እሷማ እንዳትረሳ ብላ በየቀኑ ታጠናው ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ። የፎቁ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረና ክበቡ ምድር ቤት ወዳለ አዳራሽ ተዛወረ። ፀሐይ ቀለም ታጠፋለች ተብሎ መስኮቶቹ በጣውላ ተመቱ። ስለዚህ ክፍሉ መብራት ያስፈልገዋል። በዚያው ሰሞን የመጽሔቱ አዲስ ዋና አዘጋጅ፣ ሚስተር ሌይተም የሚባል ሰው፣ ለዓመቱ ሽልማት ሥራውን በዓይኑ ሊያይ እንደሚመጣ ጻፈ። ሲሪል ወደ ዊኒ መጣ።

«መቼም የመብራት ሰው አንቺ ነሽ። ቦግ ያለ ነገር ስቀይልኝ። ረጃጅሙን ነጭ ፍሎረሰንት፣ ልክ ሐኪም ቤት እንዳለው።»

ዊኒ እውነቱን ነገረችው። ይህን ሁልጊዜም በኩራት ታወራዋለች። «ሲሪል፣ ቀለሙ የተቀባው በተራ ቢጫ አምፖል ሥር ነው። ዓይኔ ያየው፣ እጄ የበጠበጠው በዚያ ብርሃን ነው። ፍሎረሰንት ከሰቀልክበት ቀዩ ይሞታል፣ አረንጓዴውም በሽተኛ ይመስላል።»

«መብራት ስቀይ አልኩሽ እንጂ ስበኪኝ አልኩሽ?» አለ ሲሪል። «ቀለም ቀለም ነው።»

«እሺ» አለች ዊኒ። «እንዳልክ።»

በማግስቱ ኤርኒ መሰላሉን ይዞላት ፍሎረሰንቱን በጣሪያው ርዝመት ልክ በሁለት መስመር ሰቀለች። ከዚያ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት፣ ከላይ ባንጠለጠለችው ጣውላ ጀርባ፣ አምፖሉ ለተመልካች እንዳይታይ አድርጋ፣ አሥራ ስድስት ቢጫ አምፖሎች ደረደረች። ማብሪያቸውን ለብቻው አደረገችው።

«ይሄኛው ደግሞ ለምንድን ነው?» አላት ኤርኒ።

«ፍሎረሰንቱ እንቢ ያለ እንደሆነ።»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት። «ዊኒ፣ ፊትሽ አላማረኝም።»

«አንተ መሰላልህን ያዝ።»

ሰውየውን ታውቀዋለቻ! ሲሪል ምስጋና ሲመጣ ደረቱን፣ ወቀሳ ሲመጣ ጣቱን ነው የሚያስቀድመው። እሷ የሸረበችውም በዚህ ጠባዩ ላይ ነው። ጠረጴዛው ከአናጢዎቹ አቧራ እንዲጠበቅ በአንሶላ ተሸፍኖ ነበርና፣ ሲሪል እንግዳው ፊት በክብር ልግለጠው ብሎ እስከ ቀጠሮው ቀን ማንንም አላስነካም። በአዲሱ መብራት ሥር ያየው ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። አባላቱ፣ ሚስቶቻቸው፣ ከአጎራባች ክበቦች የመጡ ሰዎች አርባ ይሆናሉ። ሚስተር ሌይተም ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ፊት ቆመ። ሲሪል አንሶላውን ገፎ ፍሎረሰንቱን ቦግ አደረገው።

ማንም አላጨበጨበም። የኮረብታው ሣር የሰነበተ ጎመን መስሏል። ቀያዮቹ ፉርጎዎች ጭቃ የተለቀለቁ ይመስላሉ። ሰማዩ ሰማይነቱ ቀርቶ ሸራ ሆነ፤ ስፌቱ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዲት ሴትዮ «ውይ!» ስትል ተሰማች።

ሚስተር ሌይተም መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው። «ሚስተር ብራድሾው፣ በፎቶግራፍ ያየሁት ይሄንኑ ነው? ቀለሙን የቀባው ማን ነው?»

የሲሪል አንገት ቀላ። ዊኒ ከማብሪያዎቹ አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች።

«እንግዲህ እውነቱን ለመናገር» አለ ሲሪል፣ «የኔ ሥራ ሃዲዱ ነው። ቀለሙ የወይዘሮ ሃስላም ነው። አዝነንላት ነው እንጂ…»

«የቱ?» አለች ዊኒ ጮክ ብላ። «የቱ ነው የኔ? ድልድዩ ነው? ሰማዩ?»

«ሁሉም!» አለ ሲሪል ጣቱን ቀስሮባት። «ከሰማዩ እስከ ጡቡ! እኔ ብሩሽ አላነሳሁም!»

«ይጻፉት ሚስተር ሌይተም» አለች። «አርባ ሰው ሰምቷል።»

ከዚያ በአንድ እጇ ፍሎረሰንቱን አጠፋች፣ በሌላው ቢጫዎቹን አበራች።

ሸለቆው ተነሣ። በጥቅምት ወር ዝናብ ካባራ በኋላ የሚመጣው ያ እርጥብ ብርሃን ኮረብታው ላይ አረፈ። ድንጋዩ ረጠበ፣ ፉርጎዎቹ እንደ ፍም ቀሉ፣ ሰማዩም ከበስተጀርባ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ሄደ። ከሰው መሃል ኤርኒ «ኮቴን አምጡልኝ፣ ይሄን ደመና አውቀዋለሁ!» ሲል አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ።

ሲሪል ድምፁን አለሳለሰ። «መቼም እኔና ዊኒ አብረን ነው የደከምንበት…»

«ኧረ ተው!» አለው ኤርኒ። «ቅድም ብቻዋን አልነበረችም እንዴ?»

ዊኒ ዓይኗን ከሲሪል ፊት ላይ አላነሳችም። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ ከረባቱን ሲያርሰው አየች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ሽልማቱ በስሟ ወጣ። ሲሪል ከሊቀ መንበርነቱ ወረደ፣ ከክበቡም ቀረ።

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ቀን፣ ዊኒ የተጠበሰ ዓሣና ድንች ገዝታ ልትበላ ስትቀመጥ በሩ ተንኳኳ። ሲሪል ነው። ዝናብ ይዘንባል፣ ጃንጥላ አልያዘም። ግባ አላለችውም።

«አዋረድሽኝ» አላት።

«አንተው ነህ የተናገርከው።»

«ወጥመድ ነበር!»

«አዎ፣ ነበር።»

«ትንሽ አያሳፍርሽም?»

«ምንም።»

መሬት መሬት አየ። «ይቅርታ ብልሽ… አባላቱን ታነጋግሪልኛለሽ? ከነሱ በቀር ሰው የለኝም።»

«እስቲ ይቅርታ በለኝ» አለችው።

አፉን ከፈተ። ውሃው ከቆቡ ጠርዝ እየተንጠባጠበ ቆመ። ቃሉ አልወጣ አለው። ዊኒ ጠበቀችው፤ እውነትም ጠበቀችው፣ ቢለው ምን እንደምታደርግ ራሷም አታውቅም ነበር። አላለውም። ዞሮ በዝናቡ ውስጥ ሄደ።

በኋላ ነገሩን ለኤርኒ ስትነግረው «ዝናብ ላይ ማቆምሽ ግን ትንሽ በዛ» አላት።

«ሊሆን ይችላል» አለችው።

የዚያን ቀን ግን በሩን ዘግታ ወደ ገበታዋ ተመለሰች። ድንቹ መብረድ ጀምሮ ነበር። ጨውና ኮምጣጤ ጨመረችበትና አንድም ሳታስተርፍ በላችው።