ማርያም የሌለችበት ጎዳና

ከወልድያ ማለዳ ተነሳን። ከልብሴ ሻንጣ ይልቅ የምጠነቀቅለት ጉልበቴ ላይ ለያዝኩት የቪአር መነጽር ነው። መነጽሩ ገና ያልተሠራን ጎዳና ያሳያል፤ ያጠለቀው ሰው አዳራሽ ውስጥ እየተራመደ ጎዳናው ላይ ያለ ይመስለዋል። የሰቆጣ ዋና መንገድ ሊሰፋ ስለታሰበ፣ ሰዉ የት የት እንደሚሻገር አይቼ የዜብራውን ቦታ እንድጠቁም ነው የተላክኩት።

ከቢልባላ ወዲያ ኮረኮንቹ አንጀት ይበጥሳል። ሾፌሩ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ባየ ቁጥር ዝግ ብሎ፣ ሬዲዮውን ቀንሶ ያማትባል። በዚህ አካሄድ መቼ ልንደርስ ነው እያልኩ ተበሳጨሁ። ሰቆጣ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው፤ የማሽላ እንጀራ በሽሮ በልቼ ተኛሁ።

በአዳራሹ

ጠዋት መጀመሪያ የገቡት ገበያ ላይ ማር የሚሸጡት እማማ ታደሉ ናቸው። መነጽሩን በሻሻቸው ላይ አጥልቀው ጥቂት እንደተራመዱ ቀጥ አሉ።

«ማርያም የት አለች?»

«ኮምፒውተሩ እንዳይከብደው ብለን ቤተ ክርስቲያኗን ትተን መንገዱን ብቻ ነው የሠራነው፣ እማማ።»

«ልታነሷት ነው?» መነጽሩን አውልቀው መለሱልኝ። «ወንድ ልጄ የተኛው እዚያ ነው።»

ብምል ብገዘት አላመኑኝም። ወሬ ክንፍ አለውና በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ እኔና ወንበሮቹ ብቻ ቀረን። አፈርኩ። ሰው ካልመጣ ደግሞ ዜብራው ቢሮ ውስጥ በግምት መሰመሩ ነው።

የማርያምን በርና አጥር ፎቶ አንስቼ ላፕቶፔ ላይ ስሠራ ዋልኩ። ከዚያ ገበያ ወርጄ እማማ ታደሉን ለመንኳቸው። «ዛሬም ከሌለች ላገሩ እናገራለሁ» ብለው መጡ።

በሩ ትይዩ ሲደርሱ መሃል መንገድ ላይ ቆመው እጅ ነሱ። እኔ በስክሪኑ አያለሁ፤ መነጽሩ ውስጥ ባለው መንገድ ያሰማራሁት አይሱዙ ፍጥነቱን ሳይቀንስ በላያቸው አለፈ። ደነገጥኩ።

«ይኼ ሾፌር የት አገር ሰው ነው?» አሉ። «እዚህ እኮ ዝግ ይላል።»

እሳቸው ወደ በሩ ተጠግተው «ከዚህ ወዲያስ?» አሉኝ።

«በሩን ብቻ ነው የሠራሁት፣ እማማ።»

«ይበቃል። ወዲያውን እኔ አውቀዋለሁ።»

እሳቸው ማርያም እንዳለች ላገሩ ከነገሩ በኋላ ሰዉ ተመልሶ መጣ፤ አብዛኛውም እዚያው በሩ ትይዩ ቆመ። ገበያው ጋ ያሰብኩትን ዜብራ ወደ በሩ አዛወርኩት፤ መኪናዎቹም ዝግ እንዲሉ አደረግኩ።

መልስ

ሰው በከተማ ሲሄድ እግሩን ብቻ ይዞ እንደማይሄድ፣ መንገድ ላይ የቆመም ሁሉ ሥራ እንዳልፈታ እያሰብኩ ተመለስኩ። ወልድያ ስንገባ የሰፈሬ ቤተ ክርስቲያን ታየች። ሾፌሩ ዝግ አለ። ሬዲዮውን እኔ ቀነስኩለት።