«ደሞ» የተባለው ዲስክ

ባለፈው ክረምት ዳንግላ አንድ ፎቶ ቤት ገብቼ ጉርድ ፎቶዬን ስጠብቅ፣ ባለቤቱ ያረጀ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲዲ ከተተና ያ ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ ሲር ብሎ፣ ቀጥሎ እየፈጠነ ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ ገ ገ ገ እያለ ማንበብ ጀመረ። ሌላ ሰው ቢሆን ልጅነቱ ትዝ ብሎት ፈገግ ይል ነበር። እኔ ፎቶዬን ሳልቀበል ወጣሁ።

ልጅ ሳለሁ እንጅባራ ቤታችን ኮምፒውተር የገባው በሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርስ መሰማማት በማይቻልበት ወቅት። አባቴ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ሥራውን ጨርሶ ከተማውን የሚለቅ አንድ የእርዳታ ድርጅት አሮጌ ዕቃውን ሲያከፋፍል፣ ለእሱ ኮምፒውተርና አንድ ካርቶን ዲስክ ደረሰው። ከዲስኮቹ አንዱ ላይ ባርኔጣ የደፋ ቀበሮ ተሥሎ፣ ከሥሩ ዲ፣ ኢ፣ ኤም፣ ኦ የሚሉ አራት ፊደላት ነበሩ። አባቴ «አላውቅም» ማለት ሞቱ ነበርና መነጽሩን አስተካክሎ «ደሞ ነው የሚለው» አለን። ደጋግሞ ለሚሞክር ልጅ የተሠራ ጨዋታ ነው ብሎም አብራራልን።

እኔና እናኑ አመንነው። እናኑ የአክስቴ ልጅ ናት፤ እኛ ቤት ሆና አምስተኛ ክፍልን ልትማር ያን ክረምት ግምጃ ቤት ከሚባለው አገር ገጠር መጥታ ነበር። አፏን የፈታችው በአገውኛ ስለነበር አማርኛዋ ይሰናከልባት ነበር፤ አባቴም፣ ራሱ በአገውኛ ያደገ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ስትናገር በሰማት ቁጥር «አማርኛሽን አቅኚ» ይላት ነበር። ቀበሮው ግን የሚናገረው አማርኛም እንግሊዝኛም አልነበረም፤ አንዳንዱ ፊደል ላይ ሁለት ነጥብ የተቀመጠበት የሌላ አገር ቋንቋ ነበር። በዚያ ቋንቋ ፊት ሁለታችንም እኩል መሃይም ነበርን፤ እናኑን ያስደሰታትም ይኼው ነው። ቀበሮው አፉን በከፈተ ቁጥር እሷ በአገውኛ ትናገርለት ነበር፤ ወንዙን ስታሰድበው፣ ወፏን ቁልፍ ስታስለምነው፣ እኔም ግማሹን ሰምቼ ግማሹን ገምቼ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

ጨዋታው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆም ነበር። ቀበሮው በቁልፉ ትልቁን የእንጨት በር ሲከፍት እስክሪኑ ሰማያዊ ይሆንና የማናነበው ጽሑፍ መጥቶ ወደ መጀመሪያው ይመልሰናል። ድክመቱ የእኛ ስለመሰለን ለአባቴ አልነገርነውም፤ «ደሞ» ተብለናልና ደገምነው። መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲጀመር ደገምነው፣ ኅዳር ላይ ደገምነው፣ በጥር የአገው ፈረሰኞች ለዓመታዊ በዓላቸው ከተማውን ሲያጥለቀልቁትም ቤት ቀርተን ደገምነው፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

በመጋቢት አባቴ አንድ መምህር ባልደረባውን ጋብዞ፣ ኮምፒውተሩን ሊያሳየው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ተቀመጠ። እኛ መንገዱን እየነገርነው በሩ ጋ ደረሰና እስክሪኑ እንደ ልማዱ ሰማያዊ ሆነ። እንግዳው ልጆች አበላሽተውታል ብሎ ሳቀ። አባቴ ሰው ፊት ማፈር አይችልም ነበር፤ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ወደ እኛ ዞሮ ማን እንዳበላሸው ጠየቀ። ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር ብል ይበቃ ነበር። ፈራሁ።

«እናኑ ናት» አልሁ። «ድንች ስታጥብ ቆይታ በእርጥብ እጇ ነካችው።»

ውሸት ነበር። እናኑ አማርኛው ጠፋባት፤ በአገውኛ አንድ ነገር ልትል ስትጀምር አባቴ «በአማርኛ» ብሎ አቋረጣት። አልመታትም፣ አልጮኸባትም። ለፋሲካ ወደ ቤተሰቦቿ ስትሄድ ግን ልጅቷ ለከተማ ኑሮ ገና ናት ብሎ ለአክስቴ ላከባት፤ አልተመለሰችም። በሦስተኛው ዓመት ዳሯት።

አባቴ «ደሞ» ያለው ዴሞ እንደሆነ፣ ዴሞ ማለትም ለቅምሻ የሚሰጥ የጨዋታ ቁራጭ፣ ሙሉውን የሚፈልግ የሚገዛው መሆኑን የሰማሁት ኮሌጅ ገብቼ ነው። በቅርቡ ደግሞ የልጅነት ጨዋታቸው የናፈቃቸው ሰዎች በየአገሩ ቋንቋ የተሠራውን እየሰበሰቡ ኢንተርኔት ላይ እንደሚያስቀምጡ አይቼ ቀበሮውን ፈለግሁት። ሙሉውን አገኘሁ። ከበሩ ኋላ ያለው አንድ የአትክልት ቦታ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። አጥፍቼው አለቀስሁ።

ያን ዕለት ከፎቶ ቤቱ ወጥቼ በቀጥታ ገበያ ሄድሁ፤ እዚያው አካባቢ የተዳረችው እናኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ድንች በጋሪ አስጭና ዳንግላ ትመጣለች። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ስለ ዴሞው፣ ስለ በሩ፣ ማናችንም እንዳላበላሸነው ነገርኋት። ድንቿን እየለየች እስክጨርስ ሰማችኝ።

«እንዳልነካሁት እኔ ድሮም አውቃለሁ» አለችኝ። «አንቺም ታውቂ ነበር። ታዲያ ዛሬ ምን አዲስ ነገር ይዘሽ መጣሽ?»



ልጄ አሁን እናኑ ያኔ የነበረችበት ዕድሜ ላይ ናት። ስልኬ ላይ ጨዋታ ስታወርድ በፈለገችው ቋንቋ ይመጣላታል፤ መሃል ላይ ሲቆምባት «ነጻው እስከዚህ ነው» ብላ ሌላ ትከፍታለች፤ ማንንም አትከስም። እኔ በእሷ ዕድሜ ጨዋታው ሲቆም ጥፋተኛ ሰው ፈለግሁ፤ ሩቅም አልሄድሁም።