ጎማው ዞሮ እስኪቆም

አጎቴ ኢስትሊ በሚባለው ሰፈር ባለው የእንጨት ሥራ ቤታችን አንድ ሕግ ነበራቸው፦ የማሽን ጎማ ሲሞከር አይወራም። ኩሽኔታውን አስገብተው፣ ዳዶውን አጥብቀው ጎማውን በጣታቸው ያሽከረክሩና ኮሽ ማለት አለማለቱን ለመስማት ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። የቸኮለ ደንበኛ እንኳ በስዋሂሊ «ንጎጃ ኪዶጎ!»፣ ትንሽ ቆይ፣ ተብሎ ይጠብቃል። ዞሮ ሲቆም ብቻ፣ «አልሐምዱሊላህ! ቀጣዩን አምጪ» ይሉኛል።

ራሳችን እንድንገጣጥመው በካርቶን ተበታትኖ ከመጣው የእንጨት መቅረጫ ማሽን አራት ጎማዎች ሦስቱን እንደገጠምን አጎቴ አረፉ። ዘመዶቼ «ለቆራሌ ስጪው» አሉኝ። እምቢ አልኩ!

ትናንት አራተኛውን፣ የመጨረሻውን፣ ብቻዬን ገጠምኩት። ሳሽከረክረው ቤቱን የሞሉት ደንበኞች ማንም ሳያዛቸው ዝም አሉ። ጎማው ኮሽ ሳይል ዞሮ ዞሮ ቆመ። አሁንም የተናገረ የለም። ለካ ሁላችንም የምንጠብቀው የእሳቸውን ድምፅ ነው።

እንባዬን ጠርጌ ጮህኩ፦ «አልሐምዱሊላህ! ማሽኑን አብሩት!»