በቀን ሰባት መስመር

ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ መጻፍ ስጀምር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቆርቆሮ ጥላ ስር ግንቡን ተደግፈን የምንቀመጥ ስድስት ራፖር ጸሐፊዎች ነበርን። እያንዳንዳችን አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ታይፕ፣ ለባለጉዳይ የሚሆን አንድ ዱካ አለን። ኮምፒውተር ገና ልደታ በር ላይ አልደረሰም። ባለጉዳይ እያለቀሰ ይነግረናል፣ እኛ እንባውን ትተን ነገሩን እንጽፋለን። ከሁሉም ፈጣኗ እኔ ነበርኩ፤ ይህንንም ከማንም በላይ የማወራው እኔው ነበርኩ።

ልቤ ግን እዚያ ጥላ ስር አልነበረም። ጠበቃ መሆን ነበር የምፈልገው። ለማታ የሕግ ዲፕሎማ ተመዝግቤ፣ የሦስት ዓመቱን ትምህርት በሁለት ዓመት ካልጨረስኩ ብዬ ምዬ ተገዝቻለሁ። ከጌጃ ሰፈር ቤታችን እስከ ፍርድ ቤቱ በእግሬ እየሄድኩ አነባለሁ። ምሳ ሰዓት አነባለሁ። ባለጉዳይ እያወራ እንኳ ከጠረጴዛው ስር ደብተሬን ገለጥ አደርጋለሁ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ አጥንትሽ ብቻ ቀረ እኮ» ስትለኝ እቆጣለሁ። መክሳት የጉብዝና ምልክት ይመስለኝ ነበር።

ከጎኔ የሚቀመጡት ሽማግሌ ሌላ ፍጥረት ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጠዋት ከሁላችን ቀድመው ይመጡና ታይፓቸውን ሳይከፍቱ ከነጭ ጨርቅ ውስጥ አንድ የብራና ቅጠል ያወጣሉ። ጣውላ ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ፣ የመቃ ብዕራቸውን ቀለም እያጠቀሱ ይጽፋሉ። ለልደታ ቤተ ክርስቲያን የተሳሉት የጸሎት መጽሐፍ ነው። ከጀመሩት አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። በቀን ሰባት መስመር ይጽፋሉ፤ ስምንተኛ የለም። ሰባተኛዋ ስታልቅ ብዕሩን ያጥባሉ፣ ቅጠሏን በጨርቋ ይጠቀልላሉ፣ ሻይ ያዛሉ።

ይህ ነገራቸው ያናድደኝ ነበር። ክረምት ላይ ፍርድ ቤት ሲዘጋ በሩ ጭር ይላል፤ እሳቸው ያን ጊዜም ሰባታቸውን ጽፈው ቀኑን ሙሉ መንገደኛ ሲያዩ ይውላሉ። ግራ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ ቀኙም እየተከተለ ነበር። አንድ ቀን አላስችል አለኝ።

«ጋሼ፣ ዓይንዎ ሳይብስ ለምን ቶሎ አይጨርሱትም? ዛሬ እኮ ሥራ የለም፤ ሠላሳ መስመር ይጽፋሉ።»

«እጽፋለሁ» አሉኝ።

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ነገ ብዕሩን ሳየው ይደክመኛላ።»

ሳቁብኝ። እኔም በልቤ ስንፍና ነው አልኩ። ዓይኑ እየጠፋ እንዲህ የሚዝናና ሰው አይቼ አላውቅም።

የመጀመሪያው ዓመት ፈተና ሲቃረብ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ጠረጴዛዬ ፊት ተቀመጠች። የባሏ ወንድም ከስሷት ቤቷን በፍርድ ወስዶባታል። ይግባኝ ማስገቢያዋ የመጨረሻ ቀን ያ ዕለት ነበር። ነገሯን አጫወተችኝ፣ እኔም ያን ሰሞን ስሜን እስክረሳ ደክሞኝ ስለነበር ግማሹን እየሰማሁ ግማሹን እየገመትኩ ስድስት ገጽ በካርቦን አራት አራት ቅጂ አወጣሁላት። ስትሄድ ደብተሬን ገለጥኩ።

ከምሳ በኋላ ተመልሳ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግሽኝ?»

መዝገብ ቤት ያለው ሰው አንብቦ መልሶላታል። ይግባኝ ባይ ብዬ የጻፍኩት የባሏን ወንድም ነው። መልስ ሰጭ ያደረግኋት እሷን። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አገላብጬ፣ ቤቱ የሰውየው ነው እያልኩ በስድስት ገጽ ተሟግቼለታለሁ። በእኛ ሥራ ከዚህ የከፋ ስህተት የለም። ታይፕ የተማረ ሁሉ ፊደል ይገድፋል፤ ባለጉዳዩን ለባላጋራው አሳልፎ መስጠት ግን የራፖር ጸሐፊ ብቻ ነው።

መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቶታል። አዲስ ወረቀት ሳስገባ ጠመመ። አውጥቼ ሌላ ሳስገባ ተቀደደ። ሴትዮዋ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቆማ ታየኛለች፣ አትሳደብም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ በዚያ ቀን ከማለዳ ጀምሮ ባለጉዳይ ይዟቸው ገና ያን ጊዜ ነበር ብራናቸውን ጭናቸው ላይ ያደረጉት። አንዲት ፊደል ሳይጽፉ መልሰው ጠቀለሏት። ዱካቸውን ወደ እኔ ሳቡ።

«መጀመሪያ ውሃ ጠጪ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ጊዜ የለም እኮ!»

«ለውሃ አለ።»

ጠጣሁ። ከዚያ ወረቀቱን ደህና ወደሆነው ዓይናቸው አስጠግተው አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እያስተካከሉ ያነቡልኝ ጀመር። አንዱን ጽፌ ሳልጨርስ ሁለተኛውን አይሉም። ልሩጥ ስል መዳፋቸውን ታይፑ ላይ ያሳርፋሉ፣ ቆም እላለሁ፣ ያነሱታል። ስድስቱን ገጽ አንዲት ፊደል ሳልሰርዝ ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ ጽፌ አላውቅም፣ እንደዚያም ቶሎ ጨርሼ አላውቅም። ሴትዮዋ እየሮጠች ገባች። ስትወጣ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዛ ነበር። የእሳቸውን ትከሻ ሳመች፣ ከዚያ ዞራ የእኔንም ሳመች። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

በማግስቱ ጠዋት ጽፈው ሲጨርሱ ብራናቸውን ሰርቄ አይቼ የዕለቱን መስመር ቆጠርኩ። አሥራ አራት መስመር ነበር የጠበቅሁት። ሰባት ነው።

«የትናንቱስ ጋሼ?»

«ትናንት የእሷ ነበር» አሉና ሻያቸውን አዘዙ።

በዚህ ተማርኩ ብል ውሸት ነው። ሁለት ሳምንት ቀዝቀዝ ብዬ ከርሜ ወደ ሩጫዬ ተመለስኩ። በሁለተኛው ዓመት አምስት ኮርስ ባንድ ጊዜ ያዝኩ። ምግብ አይወርድልኝ አለ፣ ያነበብኩት ገጽ ስመለስበት አዲስ ይሆንብኛል፣ ደብተሬን ሳየው ማልቀስ ያምረኛል።

በዚያው ሰሞን ጋሼ መጽሐፉን ጨረሱ። ዓይናቸው ሊጨልም ጥቂት ቀርቶት ነበር። በቆዳ ተደጉሶ ሲመጣ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩልኝ።

«እኔ አላየውም። የደከመ ፊደል ካለ አንቺ ንገሪኝ» አሉኝ።

እጄን ታጥቤ መጣሁ። ገለጥኩ፣ ገለጥኩ። ጥቁሩ ቀለም እኩል፣ ቅዱሳን ስሞች በቀይ፣ ፊደሉ ሁሉ በወስፌ በተሰመረችው መስመር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የቱ ጋ ቀኑ እንዳለቀ፣ የቱ ጋ ሌላው እንደጀመረ መለየት አልቻልኩም። ዓይናቸው ሙሉ ሳለ የጻፉት የፊተኛው ቅጠልና በዳበሳ ያህል የጻፉት የኋለኛው አንድ ናቸው። ይህ ሁሉ ከአጠገቤ፣ በክርክርና በለቅሶ መካከል፣ እኔ ስንፍና ነው እያልኩ ሲሠራ ነበር።

ወደ መጀመሪያው አካባቢ አንድ ገጽ ግን ሌላ ነበር። ፊደሎቹ ተጨናንቀዋል፣ ወደ ጎን ዘመዋል፣ መስመሩን ለቀዋል። ልንገራቸው አልንገራቸው ስል እሳቸው ቀደሙኝ።

«አገኘሻት?»

«አዎ ጋሼ።»

«ባለቤቴ የሞተች ጊዜ ነው። ለአርባዋ ላድርሰው ብዬ ቀን ከሌት ጻፍኩ። እጄ አብጦ እዚህች ገጽ ላይ ቆመ። ከዚያ ሁለት ዓመት ብዕር ሳይ ያስጠላኝ ነበር።» በጣታቸው ገጿን ዳበሷት። «ብራና ይፋቃል፤ መፋቅ እችል ነበር። ተውኳት።»

«ያኔ የሚያስቆምዎት ሰው አልነበረም?» አልኩ።

«ውሃ ጠጣ የምትለኝ እሷ ነበረች» አሉ።

ተነስቼ ከጆጉ ውሃ ቀዳሁላቸው፣ ለራሴም ቀዳሁ። አብረን ጠጣን። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄጄ ከአምስቱ ኮርሶች ሦስቱን አቋረጥኩ። ዲፕሎማውን በአራት ዓመት ጨረስኩት።